በማን ላይ ነው የለካሽው?

የእትዬ ቀኝ እግር ከጉልበት በታች እንዲቆረጥ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እሷ በትኩሳት ራሷን ስታ ስለነበር ልጠይቃት አልቻልኩም። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የሰውን አካል ሰሌዳ ላይ ስዬ ለልጆች ሳስረዳ ተደናግሬ አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ግን እግር ምን እንደሆነ ጨርሶ የማላውቅ መሰለኝ። ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፣ ነገሩ አሁንም ይደንቀኛል። የሚደንቀኝ መቆረጡ አይደለም፤ እንዴት አድርጌ እንደወሰንኩ ነው።

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ገና ዳዴ ስል ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ነች። እትዬ ብዬ ብጠራትም ልጅ ለእናቱ እንደሚለው አንቺ ነበር የምላት። የራሷ ልጅ የላትም፤ ባሏም ቀድሟት ሄዷል። ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። ከገበያው አጠገብ፣ ከጅማ በኩል የመጡ አንድ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእግር የምትነዳ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ስትሰፋ ነው ያደግኩት። የቤት ሥራዬን የሠራሁት እሷ ጨርቅ በምትቆርጥበት ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው፤ ደብተሬ ውስጥ ሁልጊዜ የክር ቁራጭ አይጠፋም ነበር።

ከደንበኞቿ ግማሾቹ ራሳቸው መጥተው የሚለኩ አልነበሩም። ሰዉ ከሩቋ ከተማ ከቱምም ሆነ ከየገጠሩ ለገበያ ሲወጣ፣ ቤት የቀረውን ሰው ልክ በገመድ ይዞላት ይመጣል። ከእንሰት ቃጫ የተገመደች ቀጭን ገመድ ናት፤ የመጀመሪያዋ ቋጠሮ የትከሻ፣ ሁለተኛዋ የክንድ፣ ሦስተኛዋ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት። እትዬ ገመዷን ትቀበልና በጥያቄ ታጣድፈዋለች። "ሸክም በየትኛው ትከሻው ነው የሚይዘው?" "ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ይወጣል?" "ሲቀመጥ እግሩን ይዘረጋል ወይስ ይሰበስባል?" ሰውየው ግራ ይገባዋል። ለወንድሙ ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ስለ ወንድሙ አቀማመጥ መቼ አስቦ ያውቃል?

"ሰፋ ያለ ነው የምወደው ይላል፤" ብሎ ይሞክራል አንዳንዱ።

"የሚለውን አልጠየቅኩህም፤ ሲያደርግ ያየኸውን ንገረኝ፤" ትለዋለች። "ስለ ራሱ ልክ ሲጠየቅ የማይዋሽ ሰው የለም። ወፍራሙ ቀጭን ነኝ ይልሃል፣ አጭሩም እንደምንም ብሎ ይረዝማል።"

ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። አንዳንዱ ገመዷን መንገድ ላይ ይጥላታል፤ ወይ ጭራሹን መለካቱን ረስቶት ይመጣል። ባዶ እጁን መቅረብ ስለሚያፍር ገበያው ዳር ቆም ብሎ ሌላ ቃጫ ይገዛና በራሱ ላይ ለክቶ ይቋጥራል። እትዬ ይህቺን ተንኮል አሳምራ ታውቃታለች። ምንም ሳትናገር ከመቀመጫዋ ትነሳና ገመዷን የሰውየው ትከሻ ላይ ታሳርፋታለች። ቋጠሮዋ ልክክ ካለች አለቀለት።

"በማን ላይ ነው የለካኸው?"

"በእሱ ነዋ።"

"እሱ አንተን ነው እንዴ የሚያክለው?"

"እኔን ነው የሚያክለው… ገደማ።"

"ገደማ!" ትላለች፤ በረንዳው በሳቅ ይሞላል። "በል ሂድ፣ የሚለብሰውን ሰው ለክተህ ና።"

እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ። በልጅነቴ ከዚህ የበለጠ ቲያትር አልነበረኝም። አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ ግን በፍጹም አላሰብኩም።

እትዬ ስኳር ነበረባት። ኪኒኗን ትውጣለች። ከምግብ ቀንሺ ሲሏት ግን ሻይዋ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ትቀንስና ግዴታዋን የተወጣች ይመስላታል። እግሯን ለማንም አታሳይም። በዚያ ክረምት ቀኝ እግሯ ላይ ወፍራም ካልሲ ማድረግ ጀመረች፤ ምነው ስላት "ብርድ ገብቶበት ነው" አለችኝ። እኔ የሳይንስ አስተማሪዋ አመንኳት። ሚዛን ዝናብ እንጂ ምን ብርድ አለው? ደግሞስ ብርድ አንድ እግር መርጦ ይገባል? ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ።

ሞባይል ገና ከተማችን የገባበት ሰሞን ነው። እኩለ ቀን ላይ ከክፍል ወጥቼ ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ ሳለሁ ነጋዴው ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ቶሎ ነይ። እትዬሽ መኪናዋ ላይ ተደፍታለች። ሰውነቷ እሳት ሆኗል" አሉኝ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አንስተን ጎረቤት ከተማችን አማን ያለው ሆስፒታል ወሰድናት። ካልሲው ሲወልቅ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ፤ አፈርኩ። ቴፒ ላለው አጎቴም ያኔውኑ ደወልኩለት።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተሩ ጠራኝ። ወጣት ነው፤ ምናልባት በዕድሜ እኔን ቢበልጥ በሁለት ሦስት ዓመት ነው። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ነገር እያስረዳ አወራኝ።

"እግሩ ሞቷል፤ ቁስሉ ደማቸውን መርዞታል። መድኃኒት እየሰጠናቸው ነው፣ ግን ምንጩ ካልተወገደ ብቻውን አይችለውም። ከጉልበት በታች መቁረጥ አለብን።"

"እስክትነቃ ብንጠብቅስ? ራሷ ብትጠየቅስ?"

"እኔም ደስ ባለኝ ነበር። ግን ትኩሳቱ ካልወረደ አይነቁም፤ እግሩ እያለ ደግሞ ትኩሳቱ አይወርድም።"

"ቢቆረጥ ትድናለች?"

"ጥሩ ተስፋ አላቸው። ካልተቆረጠ ግን ከቀናት አያልፉም። ስምንት ሰዓት ላይ ቦታ ይዤላቸዋለሁ፤ እስከዚያ ተነጋገሩ። እሳቸው ቢሆኑ ምን ይሉ እንደነበር አስቡ። ከዚያ አንዳችሁ ትፈርማላችሁ።"

ምን ይሉ እንደነበር! አስተማሪ ነኝና ጥያቄ ሲመጣ መልሱ የሆነ ቦታ ያለ ይመስለኛል፤ መጽሐፍ ካጣሁ ሰው እጠይቃለሁ። ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ወጣሁ።

ዛፍ ሥር ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ የእትዬ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ነው፤ ቴፒ ቡና እርሻ ውስጥ የሠራተኞች ካቦ ሆኖ ነው ዕድሜውን የጨረሰው፤ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሮ ገና መድረሱ ነው። ሁለተኛው ባለ በረንዳው ነጋዴ ናቸው። ሦስተኛዋ የእትዬ ጓደኛ፣ ገበያ ውስጥ ጎደሬና ቆጮ የምትሸጥ የቤንች ሴት ናት፤ ሁለቱ ሰላሳ ዓመት ሙሉ እየተጨቃጨቁ የሚዋደዱ ናቸው። ዶክተሩ ያለኝን ነገርኳቸው።

አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። "እኔ ብሆን እግሬን ይዤ እቀበራለሁ" አለ። "ዕድሜ ልኬን ከቡና ቡና ስዞር ኖሬ ዛሬ በሰው ትከሻ? አይሆንም።"

"እኔ ብሆን ነፍሴን አስቀድማለሁ፤" አሉ ነጋዴው። "ወላሂ፣ እግር ምንድን ነው? አላህ ነፍሷን እስካልወሰደ ድረስ እኛ ምን ቤት ነን?"

ጓደኛዋ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። "እኔ ብሆን ወጌሻ ይምጣ ነው የምለው። የኔ ልጅ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ሲሰበር ወጌሻ ነው ያዳነው። ሐኪም ይቆረጥ አለ፤ ወጌሻ አሸው፤ ዛሬ ይሮጣል።"

"የልጅሽ ስብራት ነበር፤ ይሄ ስኳር ነው" አልኳት።

"እሱስ አዎ" አለች፤ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም።

አጎቴ የመጨረሻውን ድንጋይ ወረወረ። "ደግሞ ከራሷ አፍ የሰማሁት ነገር አለ" አለ። "ያ አንድ እግሩን ጦርነት ላይ ያጣው ወታደር ትዝ ይልሻል? በረንዳው ላይ ሱሪውን ያሳጠረችለት? እኔ እዚያው ነበርኩ። ሰውየው ክራንቹን ይዞ ሲሄድ፣ 'ከዚህስ እግዜር ይሰውረኝ፣ ሞት ይሻለኛል' አለች። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

እኔም ወታደሩን አስታውሰዋለሁ። ባዶውን የሱሪ እግር ዝም ብላ ቆርጣ አልጣለችውም፤ ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ዙሪያውን በእጇ ቀምቅማ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ ተጠንቅቃ ነው የሰራችው። ስለዚያ ሰው ያሰበችው የትኛውን ነው? አፏ ያለውን ወይስ እጇ የሠራውን? አንድ ሰው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማሰብ ይችላል?

የገረመኝ ነገር ያኔ ነው የመጣልኝ። ሦስቱም ንግግራቸውን የጀመሩት "እኔ ብሆን" ብለው ነው። አጎቴ በእግሩ የሚኖር ሰው ነውና ያለ እግር ሞት ታየው። ነጋዴው ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው የሚውሉ ናቸውና እግር ቀለለባቸው። ጓደኛዋ በልጇ ላይ ለካች። ሦስቱም ገመድ ይዘው መጥተዋል፤ የሦስቱም ቋጠሮ በየራሳቸው ትከሻ ላይ ልክክ ብሏል። እትዬ እዚህ ብትኖር አንድ በአንድ ታስነሳቸውና "በማን ላይ ነው የለካችሁት?" ብላ ትስቅባቸው ነበር።

ከእነሱ እኔ የተሻልኩ ነበርኩ ልበል? ውሸት ነው። የእኔማ ገመድ ከሁሉም የባሰ ነበር። እትዬ ከሞተች ማንም የለኝም። ይቆረጥ ማለት የፈለግኩት ለእሷ አዝኜ ሳይሆን ብቻዬን ቤቱን ስከፍተው ታይቶኝ ነው። እሷን አልጋ ላይ አስሬም ቢሆን እንድትቆይልኝ ፈልጌ ነበር፤ ይህን ስረዳ በራሴ አፈርኩ። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የእሷን ጥያቄ።

"ቆይ" አልኳቸው፤ "እኛ ብንሆን የሚለውን እንተወው። እትዬ ምን አለች የሚለውንም ለጊዜው እንተወው። በዚህ ዓመት ስታደርግ ያያችሁት፣ ድሮ የማታደርገው ነገር አለ?"

"ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?" አለ አጎቴ።

"ዝም ብለህ መልስልኝ ጋሼ።" ከንዴቴ የተነሳ አንተ ማለቴን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱም ደነገጠ።

ጓደኛዋ አሰበች። "ድሮ ገበያ ውስጥ እኔ ጋ ትመጣ ነበር። አሁን ግን እኔን ታስጠራኛለች። ኮራች ብዬ ተቆጣኋት እኮ።"

ነጋዴው ጺማቸውን አሻሹ። "አንድ ነገር አለ" አሉ። "ከክረምቱ ጀምሮ በርጩማዋን ወደ ግራ አሽሽታዋለች። እኔ ቆርቆሮው እያፈሰሰባት መስሎኝ ነበር።"

"ቆርቆሮው የሚያፈሰው በየት በኩል ነው?"

"በግራ በኩል ነው እኮ" አሉ። "ያ ረቢ! ወደሚያፈሰው ነው እንዴ የተጠጋችው?"

ለምን? ደረቅ ቦታ እያለ ሰው ለምን ዝናብ ሥር ይቀመጣል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተነሳብኝ መቀመጥ አልችልም፤ ድሮም ተፈጥሮዬ ነው። ሰዓቱን አየሁ፤ አምስት ሰዓት ከሩብ። ጓደኛዋን አልጋው አጠገብ እንድትቆይ ለምኜ፣ አጎቴንና ነጋዴውን ይዤ በባጃጅ ወደ ሚዛን ተመለስኩ።

መኪናዋ ትናንት እንደተተወች ናት። መርፌው ሥር ያለው የተማሪ ሸሚዝ አንድ እጅጌው ብቻ ተገጥሟል። ጨርቅ ላይ የምታሰምርበት ሳሙናዋ፣ መቀሷ፣ ሁሉም በየቦታው አለ። በርጩማዋ በእርግጥም ወደ ግራ ሸሽቷል። ጎንበስ ብዬ ፔዳሉን አየሁት።

እኛ አገር ብረት ሰው ካልነካው አይከርምም። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ነው፤ የበር ማጠፊያ እንኳ ወር ሙሉ ካልተከፈተ ቀይ ዱቄት ያወጣል። የፔዳሉ ግራ ግማሽ ቀለሙ ሙልጭ ብሎ እንደ መስታወት ያበራል። ቀኙ ግማሽ ዝጓል። ትናንትና የጀመረ ዝገት አይደለም፤ የተደራረበ፣ ጥፍር ሲነካው የሚቀረፍ ነው። የክር ብናኝ በላዩ ተጋግሯል፤ አንድ ጥግ ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታለች።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እዚያ ቦታ እግር ካረፈ ወራት አልፈዋል።

"ምን አየሽ?" አለ አጎቴ።

አሳየሁት። ከዚያ በርጩማው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩና ግራ እግሬን ብቻ ፔዳሉ ላይ አደረግኩ። ይሆናል? ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ስረግጠው መዘውሩ ወደ ኋላ ዞረና ክሩ ተበጠሰ። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ። ከዚያ መዘውሩን በቀኝ እጄ ገፋ አድርጌ አስነሳሁትና እግሬን አስከተልኩ። ቀጠለ። እየተንገዳገደ፣ ግን ቀጠለ። እጄን ሳነሳ መዘውሩ ላይ አንድ ቦታ ብቻ እንደ ፔዳሉ አብርቶ አየሁ፤ የእሷ መዳፍ የሚያርፍበት ነው።

በርጩማውን ለምን እንዳሸሸችው ገባኝ። ክብደቷ ሁሉ በግራ እግሯ ላይ እንዲያርፍ ነው። ዝናቡን ችላ፣ ካልሲዋን አድርጋ፣ የዚያን ዓመት የተማሪ ልብስ ሁሉ በአንድ እግር ሰፍታዋለች። ያን ቀን የለበስኩትን ሸሚዝም የሰፋችልኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። እንግዲህ እሱም በአንድ እግር የተሰፋ ነው። አንገትጌዬን ይዤ አለቀስኩ። አጎቴ ዞር አለልኝ።

"ወላሂ፣ በየቀኑ ከጎኗ ስቀመጥ" አሉ ነጋዴው ቀስ ብለው። "የሰው ሴት እግር ምን ብዬ ልመልከት?"

ባጃጁ ውስጥ አጎቴ ጭቅጭቁን አልተወም። "ፔዳል ዝጓል፤ ታዲያስ? አፏ የተናገረውን ትተሽ ብረት ልትሰሚ ነው?"

"ጋሼ፣ እኔ የሚገባኝን ልንገርዎት፤" አልኩት፤ አሁን አንቱታዬ ተመልሷል። "ያለ እግር አልኖርም ያለችው ወታደሩን አይታ ነው። ያኔ አልሞከረችውም። አሁን ግን እግሩ ከተለያት ወራት ሆኖታል፤ እሷ ግን አልሞተችም፣ ሥራ ላይ ነበረች። ሐኪሙ የሚቆርጠው እሷ ከተወችው የቆየ ነገር ነው።"

አማን ልንደርስ ስንል አጎቴ "ልጅ ሆና እሾህ ሲወጋትም ለእናታችን አትናገርም ነበር" አለ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም።

ዶክተሩ ቅጹን ሰጠኝ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ስም፣ ቀን፣ ፊርማ፤ አንዱ ክፍት ቦታ ደግሞ "ከታካሚው ጋር ያለዎት ዝምድና" ይላል። እዚያ ላይ ቆምኩ። የእህት ልጅ ብዬ ብጽፍ፣ ወንድሟ ከጎኔ ቆሟል፤ በደምም በዕድሜም የእሱ ይቀድማል። አገሩም የሚያውቀው ያንን ነው፤ ወንድም እያለ የእህት ልጅ ማን ናት? እስክሪብቶውን ወደ አጎቴ ዘረጋሁለት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

"ከማን ጋር ነው የምትኖረው?" አለኝ፤ እንደማያውቅ።

"ከእኔ ጋር።"

"በይ ፈርሚ።"

"ልጅ" ብዬ ጻፍኩ። አጎቴ ፊደሉን አነበበ። ከሥሩ ምስክር በሚለው ቦታ ላይ ረጅም ፊርማውን አኖረ።

እትዬ በአራተኛው ቀን ነቃች። ረፋድ ላይ ነው፤ መስኮቱ ተከፍቶ ውጭ ዝናብ ያካፋል። ዓይኗን ገልጣ ትንሽ አየችኝና ደረቅ ባለ ድምፅ "እስቲ የቀኝ እግሬን ጣት እከኪልኝ፤ ትልቁን፤ በላኝ" አለችኝ።

ስለዚህ ነገር አንብቤ አውቃለሁ፤ የሌለ እግር እንደሚያሳክክ፣ አእምሮ ዜናውን ዘግይቶ እንደሚሰማ። ማንበብ ሌላ ነው። ምን ልከክላት? እጇን ያዝኩና ነገርኳት። ብርድ ልብሱን ገልጣ አየች፣ መልሳ ሸፈነች።

"ማን ፈረመ?"

"እኔ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ማስታወስ አልወድም። አትሰድበኝም፣ አታለቅስም፣ ስለ እግሩም አታነሳም። "ውሃ።" "መስኮቱን ዝጊው።" "ሥራሽ አይቅርብሽ፣ ሂጂ።" በቃ ይኸው ነው። ጓደኛዋ ስትመጣ ትጫወታለች፤ እኔ ስገባ ዝም። ተሳስቻለሁ አልኩ። የዛገ ብረት አይቼ የሰው ሆድ አነበብኩ የምል እኔ ማን ነኝ? የሚበላኝ ደግሞ መሳሳቴ ብቻ አልነበረም፤ መሳሳቴን እንኳ የማውቅበት መንገድ ማጣቴ ነው። ልጠይቃት ፈራሁ። ሁሉን የምጠይቅ ሰው ይህቺን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ።

ቁስሉ ደርቆ ቤት ከገባች ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት "በረንዳው ጋ ውሰዱኝ" አለች። አጎቴ ከዋንዛ ባስጠረበላት ክራንች እየተደገፈች፣ እኔና ጓደኛዋ ግራና ቀኝ ሆነን ወሰድናት። ነጋዴው ቆርቆሯቸውን አሳድሰው ጠበቋት። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷን ሰበሰበች። ግራ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች፣ በቀኝ መዳፏ መዘውሩን ገፋች፤ መኪናዋ እንደ ድሮው ተንተከተከች። እኔ ስሞክረው እንደተንገዳገደው አይደለም፤ ቀጥ ያለ ስፌት ነው። ነጋዴው ዕቃ የሚፈልጉ መስለው ወደ ሱቃቸው ውስጥ ገቡ፤ ብዙም ቆዩ።

ብዙ ሳይቆይ ከቱም የመጣ ሰው ቀረበ። ለታናሽ ወንድሙ ሱሪ ሊያሰፋ ነው። የቃጫ ገመዱን ዘረጋላት። እትዬ ገመዷን ተቀበለችና እንደ ድሮዋ ልትነሳ ስትል ትዝ አላት፤ ቁጭ እንዳለች ጎንበስ እንዲል በእጇ ጠቀሰችው። ጎንበስ አለላት። ትከሻው ላይ አሳረፈቻት። ልክክ!

"በማን ላይ ነው የለካኸው?"

ሰውየው ሳቀና ራሱን አከከ። በረንዳው ሳቀ። እትዬ ግን ገመዷን በጣቷ እንደጠቀለለች ወደ እኔ ዞረች። ሆስፒታል ከነቃችበት ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው።

"አንቺስ?" አለችኝ። "አንቺስ በማን ላይ ነው የለካሽው?"

ተንበረከክሁና የፔዳሉን ቀኝ ግማሽ፣ ዝገቱን፣ በጣቴ አሳየኋት። ሸረሪቷም ድሯን መልሳ አድርታለች። ከዚያ መዘውሩ ላይ የሚያበራውን ቦታ አሳየኋት። እትዬ አንድ ጊዜ ፔዳሉን፣ አንድ ጊዜ መዳፏን አየች።

"ማንም አላየኝም ብዬ ነበር" አለች።

"ያኔ ብጠይቅሽ ኖሮ ምን ትዪኝ ነበር?" አልኳት። በስንት ሳምንቴ።

"እምቢ ነዋ!" አለች፣ ተቆጥታ። "ምን እል መሰለሽ? አፌ መች እሺ ይል ነበር? እንዳትጠይቁኝ ብዬ አይደል የደበቅኩት? ከጠየቃችሁኝ እምቢ እላለሁ፤ አንዴ እምቢ ካልኩ ደግሞ የሚመልሰኝ የለም፤ ታውቂኛለሽ። እዚያው እሞታት ነበር።"

የቱሙ ሰው አጎንብሶ እንደቀረ ነው፤ ምን ውስጥ እንደገባ ግራ ገብቶታል። እትዬ ገመዱን መለሰችለትና የሚለብሰውን ሰው ለክቶ እንዲመጣ ነገረችው። ያን የተማሪ ሸሚዝ፣ አንድ እጅጌ ብቻ ያለውን፣ አነሳች። ሁለተኛውን እጅጌ ቦታው ላይ አስተካክላ መርፌው ሥር አስገባችና መዘውሩ ላይ እጇን አሳረፈች።

"ሳትጠይቂኝ ፈርመሽ ደግ አደረግሽ" አለች፣ ከሸሚዙ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። "እንዳይለምድሽ ግን።"